«ሙ» የተመታበት ተጎታች ቤት

ጥቅምት 9 ቀን 1990 ዓ.ም.
ከባቲ አጠገብ፣ ከመንገድ ሥራው ካምፕ

ይድረስ ለአሳደጉኝ አጎቴ ለጋሽ ሙሀመድአወል፣ አቃቂ በሰቃ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ ጉልበትዎን ከአቃቂ ብርድ፣ ጆሮዎን ከባለቤትዎ ከእትዬ ሰዓደት ንዝንዝ ይጠብቅልኝ። (ይህችን ለእሳቸው አያንብቡላቸው።) እኔና አማል ደህና ነን። አማል አምስተኛ ወሯን ጨርሳ ስድስተኛውን ይዛለች፤ ሎሚ ሎሚ ስትል ትውላለች።

ትልቅ ዜና አለኝ፤ ቤት ተሰጠኝ። ይሳቁ እንጂ፣ ጎማ ያለው ቤት ነው። ባለትዳር ቀያሽ በድንኳን አይኖርም ተብሎ ከእርስዎ ፋብሪካ ከመጡት አርባ ተጎታች ቤቶች ቁጥር 31 የእኔ ሆነ። ደግሞ መርጬ ነው የወሰድኩት። ሌላው ሰው ቀለሙ ያማረውን፣ መስኮቱ የሰፋውን ሲሻማ እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ከመኪና ጋር የሚያያዝበትን የመጎተቻ ብረት ስዳስስ ካምፑ በሙሉ ሳቀብኝ። ግን አገኘኋት። ብየዳው ጥግ ላይ የእርስዎ ፊደል «ሙ» ተመትታለች። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳመጣልዎ «በያጅ ፊደሉን የሚመታው ነገ ለሚጠየቅበት ሥራ ብቻ ነው» ይሉኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ለአማልም «እዚህ ውስጥ ተኝተሽ ጅቡቲ ድረስ ብትጎተቺ ምንም አትሆኚም፣ የአጎቴ ሥራ ነው» አልኳት።

አይቆጡኝ እንጂ ከብረቱ በላይ ያለው ግን ጉድ ነው። በገባን በሦስተኛው ቀን የዕቃ መደርደሪያው ከነሳህኑ ወደቀ። ብሎኖቹን ሳይ ግማሾቹ እንጨት አልነኩም፤ በአየር ላይ ነው የታሰሩት። በሩ ሲከፈት በእርግጫ፣ ሲዘጋ በትከሻ ነው። ባለፈው ሳምንት ካፊያ ጣለና ውሃው በአምፖሉ በኩል ገባ። አማል አምፖሉ ሥር ሳፋ አስቀምጣ «መብራትና ውሃ የገባለት ቤት» ትላለች። ጎረቤታችን አቻምየለሽ፣ የካምፑ ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ በሷ ቤት ደግሞ መስኮቱ ከነፍሬሙ ወጥቶ በእጇ ቀረ። ባሏ ሰቦቃ ግሬደር ነጂ ነው፤ በገመድ አስሮላታል።

ስለዚህ በቦቴ ነጂው በወልደየሱስ በኩል ጥቂት ማስቲሽ፣ ረጃጅም ብሎንና ሁለት የበር ማጠፊያ ይላኩልኝ። ባቲ ገበያ ላይ ማጠፊያ ብል ሰው ሁሉ ያየኛል።

ልጅዎ ሸኪብ


ኅዳር 4 ቀን 1990 ዓ.ም.
አቃቂ በሰቃ

ለልጄ ለሸኪብ

ወዓለይኩም ሰላም። አላህ በሄድክበት መንገድ ሁሉ ከፊትህ ይሁን፤ ያቺንም ልጅ በሰላም ያገላግላት። እኛ ደህና ነን። የሰዓደትን ንዝንዝ በተመለከተ ደብዳቤህን ያነበበችልኝ እሷ ስለሆነች መልሱን ከሷ ትሰማለህ።

ወልደየሱስ የነዳጅ ቦቴውን እቤታችን በር ላይ አቁሞ ሰፈሩን በሙሉ አስበረገገ። ለአንተ ማስቲሽ ሁለት ቆርቆሮ፣ ብሎን አንድ ኪሎ፣ ማጠፊያ አራት ልኬያለሁ። ሎሚም ጨምሬያለሁ።

ስለ ቤቱ ብዙ አትለፍልፍ። ከብረቱ በላይ ያለው የእኔ አይደለም። የጣራውን ላሜራና የግድግዳውን ስስ የእንጨት ኮምፔርሳቶ ያለበሱት አናጺዎቹ ናቸው። ድሮ እኮ አንድ ተሳቢ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ይሰጠን ነበር፤ በመጨረሻውም ቀን ውሃ አርከፍክፈንበት ውስጡ ገብተን ሻይ እየጠጣን ነበር የምንፈትሸው። እነዚህን ግን ኩባንያው ቸኩሏል ተባለና አርባውን በአንድ ወር አስወጡን። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ይገባል። አናጺው ብሎን ሲያስር ከኋላው የሚመጣው ቀለም ቀቢ ብሩሹን ይዞ ጀርባው ላይ ይተነፍስበታል። ምን ነክቶህ ነው አንተ ግን በር በእርግጫ የምትከፍተው? ማጠፊያውን ቀባ አድርገው። ቤት መያዝም ሙያ ነው።

አማል ከባድ ነገር እንዳታነሳ። ሰዓደት ለጤናዋ ቅንጬ ብዪ ብላታለች።

አጎትህ ሙሀመድአወል


ኅዳር 27 ቀን 1990 ዓ.ም.
ከካምፑ

ለአጎቴ ለጋሽ ሙሀመድአወል

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ለላኩልኝ ሁሉ በጀነት ይካስዎ። ጣራውን በማስቲሽ ደፈንኩት፣ በሩንም አስተካከልኩት። አሁን በጣት ይከፈታል፤ አቻምየለሽ ማመን አቅቷት አሥር ጊዜ ከፍታ ዘግታዋለች። እሷ ባትኖር አማል እንዴት እንደምትሆን አላውቅም። ልብስ ታጥብላታለች፣ ጀርባዋን ታሽላታለች፣ እኔን ደግሞ «ወንድ ምን ያውቃል» እያለች ከቤቴ ታባርረኛለች።

ወለሉ ግን አሳስቦኛል። ውሃ የጠጣው ኮምፔርሳቶ እንደ ዳቦ አብጧል፤ አልጋው እግር ሥር ስንረግጠው ይሰምጣል። ምን ላድርግ፣ ጠርብ ገዝቼ ደግፌዋለሁ። ከሥር ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ሌላው ሌላው ይጠገናል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

አንድ የሚያስቅዎትን ልንገርዎ። ስለ እርስዎ ካምፑ ውስጥ ብዙ አወራሁ መሰለኝ። «የአጎቴ ፊደል ያለበት ቤት አይከዳም» ስል ሰምተው ሰዎች ከየቤታቸው ሥር እየገቡ «ሙ»ን ፍለጋ ጀመሩ። ሁሉም ላይ አገኟት! የካምፑ ኃላፊ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አየና «እኚህ ሰውዬ አይተኙም እንዴ?» አለኝ። እኔማ ደረቴን ነፍቼ «አርባውንም ራሳቸው ናቸው የበየዱት» አልኩት። እውነትም በአንድ ወር አርባ ቤት ሲበይዱ እንዴት ቻሉት?

በጥር ወር ካምፑ ወደ ቆላው ይወርዳል ተብሏል። ቁልቁለቱን ያውቁታል።

ሌላው፣ ያለፈው ደብዳቤዎ ላይ ጽሕፈትዎ ከመስመር እየወጣ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ መስመር በመስመር ላይ ጽፈዋል። ደግሞ ደብዳቤዬን እትዬ ሰዓደት ናቸው ያነበቡልዎ። ያመመዎት ነገር አለ እንዴ?

ልጅዎ ሸኪብ


ታኅሣሥ 14 ቀን 1990 ዓ.ም.
አቃቂ

ለልጄ ለሸኪብ

ወዓለይኩም ሰላም። አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። ደህና ነኝ፤ መነጽሬ ተሰብሮ ነው።

ይህን እንደጨረስክ ሂድና የመጎተቻውን ብረት በውሃና በሳሙና እጠበው። «ሙ» ያለችበት ብየዳ ላይ ቀለሙ ተሰንጥቆ እንደሆነ እይልኝ። በጥፍርህ ፈግፍገው። ከቀለሙ ሥር ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ከወጣ ወዲያው ጻፍልኝ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። የሠራሁትን ማወቅ ስለምፈልግ ነው በቃ።

ደግሞ ስለ እኔ ለሰው አታውራ። ሰው ሥራ ያየ እንደሆነ ይይ፤ ማውራት ምን ያደርጋል?

አማልን ወደዚህ ላካት። ሰዓደት ታርሳታለች፤ የጓዳውን ክፍል አጽድታ ጨርሳለች። ካምፑ ከመነሳቱ በፊት ትምጣ። ገንዘብ ከቸገረህ ንገረኝ፤ የአውቶቡሱን እኔ እልካለሁ። ነገሩን ለነገ እንዳታደርገው አደራህን፤ ከመነሳቱ በፊት ነው ያልኩህ።

ሙሀመድአወል


ጥር 3 ቀን 1990 ዓ.ም.
ከካምፑ

ለአጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ለተቀደሰው ረመዳን እንኳን አደረሰን፤ ፆምዎን አላህ ይቀበልዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው፤ ወልደየሱስ መኪናው ሰሞኑን እያስቸገረው ነው።

የብየዳውን ነገር ላይልዎ ፈልጌ ነበር ግን አልሆነም። ከፋብሪካው አራት ሰዎች መጥተው አርባውንም መጎተቻ አዲስ ቀለም ቀቡት። «ከጉዞ በፊት የሚደረግ እንክብካቤ ነው» አሉን። እንደ አዲስ ሆኖ ያብረቀርቃል። ልፈገፍገው ብል ቀለም አበላሸህ ተብዬ ደሞዝ መቀጣት ነው። ለመሆኑ ነጭ ዱቄት ያሉት ምን ነበር?

አማልን መላኩ አልተሳካም፤ አይቀየሙኝ። የጤና ረዳቱ «ስምንተኛ ወሯን ጨርሳ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ብትንገላታ መንገድ ላይ ትወልዳለች» ብሎ ከለከለ። ለእኔም ፈቃድ የለም።

ግን አያስቡ፣ መላ አግኝተናል። ጉዞው ጥር 18 ነው፤ ለዒድ እታች ቆላው ላይ ነን። ቤት ሲጎተት ሰው ውስጡ አይቀመጥም የሚል ደንብ አለ። እኔ ግን ኃላፊውን ለምኜ አማል በአልጋዋ ላይ ተኝታ እንድትወርድ አስፈቀድኩ። የመኪናው ጋቢና ይንጣል፤ እዚያ ግን ፍራሽ ላይ ናት። መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? «ሌላ ሰው የበየደው ቢሆን አልፈቅድም ነበር» አለኝ። አጎቴ፣ እንዴት እንደኮራሁ ልነግርዎ አልችልም።

ልጅዎ ሸኪብ


ጥር 10 ቀን 1990 ዓ.ም.
አቃቂ በሰቃ

ሸኪብ

አማልን ቤቱ ውስጥ እንዳታስገባት። መጀመሪያ ይህን አድርግና ሌላውን ኋላ አንብብ። ቁጥር 31ን ብቻ አይደለም የምልህ፤ በአርባውም ውስጥ አንድም ሰው እንዳይገባ። ከኋላም ሰው እንዳይከተል። ቢቻል ከነጭራሹ እንዳይጎተቱ።

ሰላምታ ሳላቀርብ ስለጀመርኩ ይቅር በለኝ። የምትጽፍልህ ሰዓደት ናት፣ ቃሉ የእኔ ነው። እያለቀሰች ስለምትጽፍ ያልተነበበልህን ቦታ ገምተው።

ልጄ፣ እኔ አላይም። የግራ ዓይኔ ሞራ ከለበሰው ሁለት ዓመት ሆነው፤ ባለፈው ክረምት ቀኙም ተከተለ። ብየዳ ስጀምር ብርሃኑን አያለሁ እንጂ የሚቀልጠው ብረት አይታየኝም። ለማንም አልተናገርኩም። ዋናው በያጅ ዕውር ነው ከተባለ በማግስቱ ከበር ይመልሱኛል፤ ሰላሣ አንድ ዓመት ከብረት ሌላ ምን አውቃለሁ? ስለዚህ አርባዎቹ ቤቶች ሲመጡ የፊደል ማተሚያዬን ለረዳቴ ለሉቃስ ሰጠሁት። «አንተ በይድ፣ በእኔ ፊደል ምታ» አልኩት። ያለ እኔ ፊደል ከግቢ ምንም እንዳይወጣ ትእዛዝ ነበራ። እኔ አጠገቡ ቆሜ የማይ መስዬ ብረቱን በእጄ እነካካ ነበር። ማተሚያዋ በመዶሻ ስትመታ ድምፁን እሰማለሁ። አርባ ጊዜ ሰማሁ፣ አርባ ጊዜም ዝም አልኩ።

ሉቃስን አትርገመው። አራት ዙር መበየድ ለሚገባው ቦታ ለአንድ ዙር የሚሆን ኤሌክትሮድ ነው ከግምጃ ቤት የሚሰጡት። በቀን አንድ፣ በቀን ሁለት ቤት አውጣ ይሉታል። ስለዚህ ከላይ አንድ መስመር አስሮጠበት፣ ጎደሎውን በስቱኮ ሞላው፣ ቀለም ለበሰ። ነጭ ዱቄት ያልኩህ እሱ ስቱኮ ነው። የመኪና በር የጎደጎደ እንደሆነ የምንሞላበት ጭቃ ነው። ቤትህን የያዘው እሱ ነው።

ይህን ያወቅሁት በኅዳር መጨረሻ ነው። ቁጥር 14 ለጥገና ወደ ፋብሪካ መጥቶ ሜዳው ላይ ሲጎተት መጎተቻው ተነቀለ። ሰው አልተጎዳም። የተሰበረውን ቦታ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ብረቱ ከብረቱ ጋር አልተዋሐደም፣ ልሙጥ ነው። ከጎኑ የእኔ ፊደል አለች። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ ሁሉም ተመልሰው እንደገና ይበየዱ አልኩ። «እናስቀባቸዋለን ጋሼ» አለኝ፤ 14ንም ለጥፈው መልሰው ላኩት። ያን ጊዜ ለምን አልጻፍክልኝም ትለኛለህ። አፈርኩ። አንተ ደረትህን ነፍተህ ስታወራልኝ እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? አማልን ካወጣኋት በኋላ ሌላውን ቀስ ብዬ እነግራለሁ ብዬ ነበር። ቀስ ብዬ የምነግርበት ጊዜ ግን የለም።

ይህን ደብዳቤ ለካምፑ ሰው ሁሉ አንብብላቸው። ስሜን አትዝለል። ያስሩኝ እንደሆነ ይሰሩኝ፤ እኔ ስልሳ ሊሞላኝ ነው። ወልደየሱስ ዛሬ ይነሳል። የመኪናውን ጤና አላህ ይጠብቅልን።

ሙሀመድአወል


ጥር 15 ቀን 1990 ዓ.ም.
አቃቂ

ሸኪብ፣ ልጄ

ደረሰህ ወይ? ወልደየሱስ ደብረ ሲና ላይ ሞተር ወርዶበት መለዋወጫ ይጠብቃል አሉኝ። ይህንን በሌላ ሾፌር ልኬዋለሁ፤ የሁለቱም ቃል አንድ ነው። አማል ቤቱ ውስጥ አትግባ። ማንም አይግባ።

ትናንት ሰዓደት እጄን ይዛኝ በውይይት ታክሲ እስከ ቃሊቲ፣ ከዚያም እስከ ኩባንያው ዋና ቢሮ ሄድን። ጥበቃው ጉዳዬን ሲጠይቀኝ «ቤቶቹ ይሰበራሉ» አልኩት። ኢንጂነሩ ለጥምቀት እንደወጡ አልተመለሱም፣ በማመልከቻ ያቅርቡ አለኝ። ማመልከቻ አጻፍኩ። ማኅተም የለውም ብለው መለሱልኝ። በባቲ ፖስታ ቤት በኩል ቴሌግራም አስመታሁልህ፤ ካምፑ ፖስታውን የሚያነሳው በሳምንት አንድ ቀን ነው አሉ። የቱን ቀን እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲረን በጮኸ ቁጥር አንድ ቀን አለቀ እላለሁ። እንጀራ በአፍጥር ሰዓት እንኳ አልወርድ ብሎኛል። ምንም ነገር አትላክልኝ፣ ምንም አትጠይቀኝ፤ ብቻ «ደርሶኛል» የምትል አንዲት ቃል ላክልኝ።

ሙሀመድአወል


ጥር 24 ቀን 1990 ዓ.ም.
ከአዲሱ ካምፕ

ለአጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። አማል በሕይወት አለች። ትናንት ወለደች፣ ሴት ናት። ይህን ያስቀደምኩት እትዬ ሰዓደት ከዚህ በታች ያለውን ሲያነቡልዎ እንዳይወድቁብኝ ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ወልደየሱስ ጥር 18 ጠዋት፣ መኪኖቹ ሞተር አስነስተው ሳለ ደረሰ፤ ሁለተኛውም ሆነ ቴሌግራሙ የደረሱኝ ከጉዞው በኋላ ነው። ከቦቴው ጀርባ ቆሜ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገርዎ፣ ምክንያቱም ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም።

አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

አርባው ቤት ተሰልፏል፣ ኃላፊው ሰዓቱን እያየ ይጮሃል፣ እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ስለ እርስዎ ያወራሁ ሰው ነኝ። ባነበው እርስዎን ያስሩብኛል አልኩ። ዕውር ነው፣ አታላይ ነው እያሉ ሲስቁብዎ ታየኝ። አማልን ካወረድኩ በቃ፣ ባዶ ቤት ቢገለበጥ የሚሰበረው ኮምፔርሳቶ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አማልን «አየሩ ያፍንሻል» ብዬ ከአልጋው አስነስቼ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ከአጥናፉ አጠገብ አስቀመጥኳት። እሷም ምንም አልጠረጠረችም።

አቻምየለሽ መጣች። ወባ ይዟት ሁለት ቀን ስትንቀጠቀጥ ነበር። የሷ ቤት በድስትና በበርሜል ተሞልቷል። «ሸኪብ፣ አማል ከወረደች እኔ እዚያ ፍራሽ ላይ ልጋደም፣ ራሴን መሸከም አቃተኝ» አለችኝ። እኔም ኃላፊው አይፈቅድም አልኳት። ሳቀችና «ለሷ ተፈቅዶ ለእኔ? አጎትህ የበየዱት አይደል እንዴ?» አለችኝ። አጎቴ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ቃሉ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር። ሰቦቃ አጠገቧ ቆሟል፣ ሌሎቹም ይሰማሉ። ዝም አልኩ። እሷ ዝምታዬን እሺ ማለት መስሏት ገባች። በሩን እኔው ነኝ የዘጋሁላት፤ በጣት የሚዘጋውን በር።

ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ መኪናው በድንገት ቀለል አለ። እንደሱ ነው የተሰማን፣ ከባድ ዕቃ ያወረደ ይመስል። አጥናፉ በመስታወት አየና ጮኸ። እኔ ዞር ስል ቤቱ ከመንገዱ ወጥቶ ነበር። ሲወርድ አላየሁትም፣ ድምፁን ነው የሰማሁት። ስንደርስ ግድግዳው እንደ ወረቀት ተቀዳዷል። የቀረ ነገር ቢኖር ከሥር ያለው የሻንሲ ብረት ነው። ከሷ ጋር የሆነውን አልጽፍም።

ባቲ ላይ ተቀበረች። አጥናፉ በፍጥነት ነድቷል ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ ነው። አልፈጠነም። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ በሰው እግር ልክ ነው የሄድነው። የተቀሩትን ሠላሣ ዘጠኝ መንገድ ላይ አስቁመዋቸዋል፣ እኛ እዚህ በድንኳን ነን፤ ግን መርማሪው መጎተቻውን በተመለከተ ሲጠይቀኝ «አላውቅም» አልኩት።

አማል በድንጋጤው ምጥ ያዛት። አምስት ቀን እንደያዛት ቆይቶ ትናንት ተገላገለች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊላት መጀመሪያ የመጣው ማን መሰለዎት? ሰቦቃ ነው። ጥቁር ለብሶ መጣ። አቻምየለሽ ለአማል አራስነት ብላ ያስቀመጠችውን ማር ይዞ መጣ። «አልቅሶ መቅረት የለም፣ እናንተን እንኳን አተረፈልኝ» አለኝ። እጄን ይዞ ነው ያለኝ። ደብዳቤዎ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስሟን ማን አላችኋት ብሎ ጠየቀኝ፤ ገና ነው አልኩት።

ልጽፍልዎ የፈለግሁት ይህን ነው። እዚህ ካምፑ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ደብዳቤውን ላቃጥለው ወይስ ምን ላድርግ? አንድ ነገር ይበሉኝ፤ የሚሉኝን አደርጋለሁ። እንቅልፍ ከተኛሁ ሰባተኛ ቀኔ ነው።

ልጅዎ ሸኪብ


ጥር 26 ቀን 1990 ዓ.ም.
አቃቂ በሰቃ

ለልጄ ለሸኪብ

ወዓለይኩም ሰላም። ልጅቷን አላህ ያሳድጋት። አማልን እንኳን አላህ አተረፋት ማለት አቅቶኝ ሰዓደት ናት ያለችው።

አላቃጠልከውም፤ እንዳታቃጥለው። እኔ ባፈርኩበት ወር ተኩል ነው ያቺ ሴት የሞተችው፤ አንተ ያፈርከው አንዲት ጠዋት ነው። ዝም ማለትን ከእኔ ነው የተማርከው፣ ሌላ ማንም አላስተማረህም። ስለዚህ ራስህን ብቻ አትክሰስ፤ ግን ደግሞ በእኔ አታመካኝ። ሁለታችንም ነን።

ነገ ማለዳ እኔና ሰዓደት በአውቶቡስ እንነሳለን። ሉቃስም ይመጣል፤ ስነግረው ኮቱን አነሳ። በቀጥታ ባቲ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምንሄደው፣ ያ ሾፌር አንድ ቀን እንኳ ትርፍ እንዳይታሰር። ግን የኔ አውቶቡስ እስኪደርስ አትጠብቅ። ወልደየሱስ ይህን ይዞ ዛሬ ይነሳል፣ ከእኔ በፊት ይደርሳል። ሰቦቃ ነገሩን ከእኔ አፍ ቀድሞ ከሰማው አንተ ዕድሜህን ሙሉ አትነግረውም፤ አውቅሃለሁ፣ ያሳደግሁህ ነኝ። ማሩን የተቀበልክበትን እጅ ይዘህ ቤቱ ሂድ። ደብዳቤውን አንብብለት። ማንበብ ካቃተህ ስጠውና ራሱ ያንብብ። ቢመታህ ተመታለት፣ ቢያለቅስም አብረኸው አልቅስ፤ ብቻ ምክንያት አትደርድርለት።

የስም መውጫዋ ሰባተኛ ቀን ዓርብ ነው። ልጅቷን ስም ሳታወጡላት ንገረው።

አጎትህ ሙሀመድአወል